የአያ መልኬ ሳጥን ግልጽ ናት ወይ?

አንድ አዲስ ነገር ባዩ ቁጥር «ይቺንማ እኔም አላጣትም ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። እናንተ ቤትም አንድ ሳይኖር አይቀርም። እኛ ቤት ያለው እኔ ነኝ።

እስቲ የጀሪካን ክዳን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ውኃ በተራ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ጀሪካን ደግሞ ከክዳኑ ጋር ጠብ አለው መሰለኝ፣ በሄደበት ጥሎት ይመለሳል። ስንት ዓመት ክዳን ስንፈልግ ኖርን! በፌስታል ወተፍን፣ በጨርቅ ወተፍን፣ በበቆሎ ቆሮቆንዳ ወተፍን። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ክዳኑን በሲባጎ ከጀሪካኑ እጀታ ጋር አስራ ብቅ አለች። በቃ፣ አሰረችው። ሌላ ነገር የለውም። በሳምንቱ የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ሲባጎ ታጥቆ ተሰለፈ። ሴትዮዋን ያመሰገናት ሰው አላየሁም። እኔማ ጭራሽ «ይኸ ምኑ ፈጠራ ነው፣ ማንም የሚያስበው ነገር!» ብየ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ማንም የሚያስበው ከሆነ ምነው ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያስበው ቀረ? ይኸን ራሴን አልጠየቅሁም። የጠየቁኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሲጠይቁኝም እየሳቁ አልነበረም።

ሥራየን አልነገርኳችሁም ለካ። ጎንደር ውስጥ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። መብራት ሲኖር በተግባር አስተምራለሁ፣ ሲጠፋ በቃል። እንግዲህ የትኛውን አብዝቼ እንደማስተምር እናንተው ገምቱት።

አንድ ቀን የኮሌጁ ኃላፊ ጠሩኝና ከአዲስ አበባ የመጣ ደብዳቤ ሰጡኝ። ፓተንት ከሚሰጥ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ነው። ፓተንት ማለት ለአንድ ፈጣሪ «ይኸ ሥራ ያንተ ነው፣ ሌላ ሰው ሳያስፈቅድህ እንዳይሠራው» ተብሎ የሚሰጥ ወረቀት ነው። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ጎንደር አራዳ ውስጥ የሚሠሩ አንድ ግለሰብ ለኤሌክትሪክ ምድጃ የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ ሠርተው አመልክተዋል። ዕቃውን በአካል አይታችሁ፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በጽሑፍ አሳውቁን። ግልጽ ከሆነ ወረቀቱ አይሰጣቸውም።

አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን በነጻ ስለው የኖርኩትን ነገር በማኅተም እንድለው ተጠየቅሁ ማለት እኮ ነው!

አመልካቹ አያ መልኬ ይባላሉ። ትውልዳቸው አይከል አጠገብ ነው። በጉብዝናቸው ጎንደር ገብተው ሙያውን ከሰው እጅ እያዩ ተማሩት። አራዳ፣ ከአሮጌው የጣሊያን ሕንፃ ጀርባ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሁለተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅባት ሱቅ አለቻቸው። እዚያች ውስጥ ሠላሳ ዓመት ምድጃ ጠግነዋል። ካውያም ይጠግናሉ፣ የውኃ ማፍሊያም ይጠግናሉ፣ ምድጃ ግን ዋናቸው ነው።

ስሄድ ጥቁር ለብሰው፣ ጺማቸውን አሳድገው አገኘኋቸው። ሐዘን ላይ መሆናቸው ገባኝ። «እግዜር ያጥናዎት» አልኩ። ማን እንደሞተባቸው ግን አልጠየቅሁም። ለሥራ ነበርኩ የመጣሁት፣ ሰው ለሥራ ሲመጣ ጆሮው ጠባብ ነው።

ዕቃቸውን አወጡልኝ። የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል የቆርቆሮ ሳጥን ናት። በአንድ በኩል ግድግዳው ላይ ትሰካለች፣ በሌላው በኩል ምድጃው እሷ ላይ ይሰካል። አናቷ ላይ ከአሮጌ የበር ደወል የተነቀለ ቀይ መጫኛ አለ። ሥራዋ ምንድን ነው? ይኸው ነው፦ መብራት ሲጠፋ ውስጧ ያለው፣ በመብራት ኃይል የሚይዝ ማግኔት ይለቃል። መብራቱ ሲመለስ ማግኔቱ በራሱ አይመለስም። ሰው መጥቶ ቀዩን ካልተጫነ ምድጃው አይግልም።

ጥቅሙ ይገባችኋል። ወጥ ጥዳችሁ መብራት ይሄዳል። የምድጃውን ማጥፊያ ማን ያስታውሳል? ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። መብራት ደግሞ ሲመለስ በር አያንኳኳም። ገብቶ ምድጃውን ያግላል።

አያ መልኬ የሳጥኗን ሽፋን በካቻቢቴ ሲከፍቱልኝ ሳቄ መጣ። ምነው ብትሉኝ፣ ይኸን ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ሰሌዳ ላይ ስስለው ኖሬያለሁ። የማስተምረው ለሞተር ነው። እንጨት በሚሰነጥቅ መጋዝ ላይ የሚሠራ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ እጁን ወደ መጋዙ ቢሰድ፣ መብራቱ ሲመለስ መጋዙ በራሱ ተነሥቶ እጁን እንዳይቆርጠው የሚደረግ ዘዴ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። አያ መልኬ ያንኑ አሳንሰው ምድጃ ላይ ገጠሙት፣ ሌላ ምን አደረጉ?

«ሸጋ ሥራ ነው አያ» አልኳቸው። «ግን ያው፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ግልጽ ማለት ምን ማለት ነው መምህር?»

«የሙያው ሰው ችግሩን ቢነግሩት፣ ብዙ ሳይደክም የሚደርስበት ነገር ማለት ነው።»

«የሙያው ሰው ማነው?»

«እንደ አንቱ ያለ ነዋ። ምድጃ የሚያውቅ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቱ።»

«እኔ ሳልቸገር ላስባት የምችል ነበርኩ?»

«ያው እንግዲህ» ብየ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ እግዜር ይወቀው።

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ተቀመጥ መምህር» አሉኝ። ለደንበኛ የሚሆን ወንበር ስላልነበረ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገሩኝ። ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ነው የነገሩኝ፣ ስለ አንድ የተበላሸ ዕቃ እንደሚያወሩ ሁሉ።

የሞቱት ባለቤታቸው ናቸው። ደጊቱ ይባሉ ነበር። ወገባቸውን ታመው፣ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ መውረድ አይችሉም ነበር። ልጆቻቸው አግብተው ርቀው ስለሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያበስሉት አያ መልኬ ናቸው። ያን ቀን ለንፍሮ ባቄላ ጣዱ። ውኃው ለብ ሳይል መብራት ሄደ። ትንሽ ጠበቁ። ደጊቱ «እኔን አትጠብቀኝ፣ ሥራህ ሂድ፣ ስትመለስ ትጥደዋለህ» አሏቸው። ድስቱን አወረዱ። ወቅቱ ክረምት ነው። ጎንደር በክረምት ልብስ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቃላችሁ፣ አይደርቅም። የደጊቱ ነጠላ ታጥቦ እርጥቡን ተቀምጧል። ምድጃው ገና ሙቀት ስለነበረው፣ ትንሽ ጠፈፍ ይበልላት ብለው ከምድጃው በላይ ገመድ ወጠሩና ነጠላውን ሰቀሉት። የደጊቱ አልጋም እዚያው ክፍል ነው።

«ማጥፊያውንስ?» አልኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አላጠፋሁትም» አሉ። «መብራት የለማ! የጠፋን ነገር ምን ብየ ላጥፋው?»

ሱቅ ሄዱ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መብራት መጣ።

«መብራት ሲመጣ አራዳ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ» አሉኝ። «ሁሉም ሱቅ ባንድ ድምፅ ይጮሃል። ሙዚቃው ይነሣል፣ ወፍጮው ይነሣል። እኔም ጮህኩ መምህር። ተመስገን አልኩ። የሰው ካውያ ነበር በእጄ፣ መበየጃየን ሰክቼ እሱን መሥራት ጀመርኩ። እያፏጨሁ ነበር የምሠራው። እሷ ስትነድ እኔ እያፏጨሁ ነበር።»

ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ ጠራቸው። ሲደርሱ ሰው በሩን ሰብሮ ደጊቱን ከእሳቱ አውጥቷቸዋል። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ኖሩ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ደጊቱ ያወሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባላቸውን አይተው «በልተሃል?» አሏቸው። ሌላ አላሉም።

ወለሉን አየሁ።

«ከአርባዋ በኋላ ሱቅ ገባሁ» አሉ አያ መልኬ። «ከተበላሸ ፍሪጅ አንድ ማግኔት አወጣሁ። ከበር ደወል መጫኛ ነቀልኩ። ሳጥኗን በስንት ጊዜ ሠራኋት መሰለህ? ባንድ ቀን። ከጠዋት ጀምሬ ከሰዓት ጨረስኳት። እኔን የገደለኝ ይኸ ነው። ዓመት ፈጅታብኝ ቢሆን፣ ከባድ ነበረች፣ ከየት አመጣት ነበር እል ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ምድጃ ጠግኛለሁ መምህር። ሠላሳ ዓመት መብራት ሲሄድና ሲመጣ አይቻለሁ። እና ባንድ ቀን የምትሠራ ነገር!»

የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ቄሱ አጽናንተዋቸዋል፣ «ያንተ ኃጢአት አይደለም» ብለዋቸዋል።

«ሸጋ ሰው ናቸው» አሉ። «ግን እሳቸው ምድጃ አያውቁም። የማያውቅ ሰው አላጠፋህም ቢለኝ እንዴት ልመነው? ያመለከትኩት ለዚህ ነው። ወረቀቱን ልነግድበት አይደለም፣ የፈለገ ይሥራው። የሚያውቅ ሰው ዓይቶ ይንገረኝ ብየ ነው። ግልጽ ከነበረች እኔ ገድያታለሁ። ግልጽ ካልነበረች ደግሞ...»

አልጨረሱትም። ካቻቢቴውን አንሥተው ሽፋኗን መግጠም ጀመሩ።

ከሱቋ ወጥቼ ሽቅብ ስሄድ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ከበደኝ። አዲስ አበባ የተቀመጠው ሰውየ የጠየቀኝ ስለ አንዲት ሳጥን ነው። አያ መልኬ የጠየቁኝ ስለ አንዲት ሴት ነው። ጥያቄው ደግሞ በቃል እንኳ አይለያይም። እኔ ዳኛ ልሆን ነበር? ምን በወጣኝ!

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለትርንጎ ነገርኳት። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት። ወሬ ስትሰማ መርፌዋን አታቆምም። ያን ቀን ግን አቆመች። ዓይኗን በእጇ ጠረገች። ከዚያ «ለመሆኑ የእኛ ምድጃ ላይ አለ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ይኸ ሳጥን የምትለው።»

«የለም።»

«ምነው? አንተ እኮ ታስተምረዋለህ።»

«የማስተምረው ለሞተር ነው» አልኳት።

አየችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ምድጃችንን አየሁት። ከላዩ የሰሃን መጥረጊያ ጨርቅ ተሰቅሏል። አወረድኩት።

በማግስቱ አንድ ነገር አሰብኩ። «የሙያው ሰው ችግሩን ቢነግሩት ይደርስበታል ወይ?» ነው አይደል ጥያቄው? የሙያው ሰው ደግሞ በእጄ ሞልቷል። ያን የሞተር ትምህርት ባለፈው ወር ተምረው፣ ተፈትነው፣ አብዛኞቹ ያለፉ ሠልጣኞች አሉኝ። ስለ አያ መልኬ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፦ ምድጃ ተጥዶ መብራት ጠፋ፤ ሰው ከቤት ወጣ፤ መብራቱ ተመለሰ፤ እሳት እንዳይነሣ ምን ይደረግ? ሰዓቱ እስኪያልቅ አስቡ አልኳቸው።

መልሱን ሰብስቤ አነበብኩ። «ሲወጡ ሶኬት መንቀል» ይላል የአብዛኛው። «በር ላይ ማስታወሻ መለጠፍ» ይላል ሌላው። «ለጎረቤት ቁልፍ መስጠት።» «በከሰል መሥራት።» አንዱ «መብራት እንዳይጠፋ ማድረግ» ብሎ ጽፏል። ለእሱ ሙሉ ማርክ ልሰጠው ትንሽ ቀረኝ። ያችን ሳጥን የጻፈ ግን አንድም የለም። አንድም!

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። «ኧረ ቲቸር፣ ይኸማ ግልጽ ነው!» አሉ ሁሉም። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «ልጽፈው ነበር እኮ፣ ከዚያ ተውኩት» አለች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መቆጣት ካስፈለገ ከእኔ ነበር የሚጀመረው።

አስተያየቴን ጻፍኩ። ዕቃዋን ካዩ በኋላ ግልጽ ናት፣ ከማየታቸው በፊት ግን የተማሩትም አላሰቧት፣ ያስተማራቸውም አላሰባት፣ ስለዚህ ግልጽ ናት ለማለት አልችልም አልኩ። ፈረምኩ። አሁን እናንተ «እውነቱን ነው የጻፍከው ወይስ አዝነህላቸው?» ብትሉኝ አላውቅም። ያን ጊዜም አላወቅሁም። ሠልጣኞቼን የፈተንኩትስ እውነቱን ፈልጌ ነው ወይስ ምክንያት ፈልጌ?

አንድ ቅጂ ለአያ መልኬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛውን ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ አደረጉት። አላመሰገኑኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። በሳምንቱ ግን ባራዳ ሳልፍ አየኋቸው፤ ጺማቸውን ተላጭተዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሸጋ ነበር። ወራት አለፉና ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ናት የሚል አይደለም። አዲስ አይደለችም የሚል ነው። በውጭ አገር መዝገብ ቢፈለግ፣ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ያንኑ ነገር፣ ለዚያውም ለምድጃ ብሎ፣ አስመዝግቦታል። ሥዕሉንም አያይዘው ልከውታል። አየሁት። መጫኛዋ እንኳ እዚያው አናቷ ላይ ናት።

ወረቀቱን ለማድረስ ሁለት ቀን ዘገየሁ። መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ።

አያ መልኬ የሰው ምድጃ ፈተው ሽቦ እየቀየሩ ነበር። ነገርኳቸው። ሥዕሉን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ይቆጣሉ ብየ ነበር፣ ወይም ያለቅሳሉ።

«ሰውየው» አሉ በመጨረሻ። «እሱም ሚስቱ ተቃጥላበት ይሆን?»

«አይታወቅም አያ። እሱን አይጽፉም።»

«አይጽፉም?»

«አይጽፉም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ይታወቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ሳልወለድ ይሆናል የታወቀው። እኔ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።» ከዚያ ዓይኔን አዩኝ። «አንተስ መምህር? ታውቅ ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ለእኒህ ሰውየ አንድ ጊዜ የጻፍኩትም እውነት ይሁን ምሕረት ገና አልለየሁም፣ ሌላ ልጨምርበት አልፈለግሁም።

«አውቅ ነበር» አልኳቸው። «ለሞተር አስተምረዋለሁ። ሃያ ዓመት ሆነኝ። የሠራተኛ እጅ እንዳይቆረጥ ብየ ነው የማስተምረው። ምድጃ ላይ ይሆናል ብየ አላሰብኩም። እኔ ቤትም የለም።»

«ሃያ ዓመት?»

«ሃያ ዓመት።»

ምድጃውን ለጥገና የሰጠች ሴትዮ በር ላይ ብቅ ብላ፣ ሁለታችንን አይታ፣ ምንም ሳትጠይቅ ተመለሰች።

«እንግዲያው ሁለት ሆንና» አሉ አያ መልኬ።

በቃ ይኸን ብቻ። ወቀሳ ነበር? ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔ ግን ሲሉት ሰምቻለሁ። ከባድ ሸክም ተሸክሞ ሲሄድ፣ ሌላ ሰው በሌላው ጫፍ መያዙን ዘወር ብሎ እንዳየ ሰው ነበር የተናገሩት። ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩ። ጥላሸት ነካኝ። አላበስኩትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሳጥኗን በፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። «ለአንተ ቤት ናት» አሉኝ። ትርንጎ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር። ሁለታችን ወጥ ቤት ገብተን ገጠምናት። ድስት ውኃ ጣድን። አያ መልኬ ቀዩን ተጫኑ፣ ምድጃው ጋለ። እንግዲህ የቀረን መፈተን ነው። ለመፈተን ደግሞ መብራት መጥፋት አለበት። ሁለት በርጩማ ስበን ተቀመጥንና መጠበቅ ጀመርን።

መብራቱ አልሄደም። በሳምንት ስንት ቀን የሚሄድ መብራት፣ የሚሄድበት ቀን መሆኑን ሲያውቅ እንደ እንግዳ ተደላድሎ ተቀመጠ። ውኃው ፈላ። ሌላ ውኃ ጨመርን። እሱም ፈላ። አያ መልኬ ስለ ደጊቱ ያወሩኝ ጀመር፣ በልጅነቷ ስለ ነበራት ድምፅ፣ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ሰው እንዴት ዝም ብሎ እንደሚሰማት። ሦስተኛ ጊዜ ውኃ ጨመርን። መብራቱ ፍንክች አላለም።

ትርንጎ መጣች። እንፋሎት በሞላው ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ምድጃ ከበው ሲቀመጡ አየች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«መብራት እስኪጠፋ እየጠበቅን ነው» አልኳት።

እኔን አየችኝ፣ አያ መልኬን አየች። ወደ ኮሪደሩ ሄዳ፣ ቆጣሪው ሥር ያለውን የቤቱን ዋና ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ ወደ ታች ገፋችው። ፍሪጁ ዝም አለ። ሳጥኗ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ጥቂት ቆይታ መለሰችው። ፍሪጁ አጉረመረመ፣ አምፖሉ በራ። የምድጃው ሽቦ ግን ከቀይ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጥቁር እየሄደ በረደ።

አያ መልኬ ቆጣሪውን አዩ። እኔን አዩኝ። የሁለታችን የኤሌክትሪክ ሙያ ቢደመር ሃምሳ ዓመት አለፍ ይላል። ከዚያ ሳቁ። ከሆዳቸው ነው የሳቁት፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ትርንጎም ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ የእሳቸው ድምፅ ሳቅ መሆኑን ትቶ ሌላ ነገር ሆነ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ትርንጎ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ማንም አባብሎ ዝም ሊያሰኛቸው አልሞከረም። እስኪበቃቸው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ አያ መልኬ አንድ ነገር ጀምረዋል። ሊጠገን የመጣን ምድጃ ሁሉ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ፣ ሳጥን ገጥመው ይመልሱታል። ቀዩን ተጫኑ ብለው ያስረዳሉ፣ ግን ማን ያዳምጣል? ስለዚህ ባራዳ ስማቸው ጠፍቷል። «ምድጃ የሚያበላሹት ሰውየ» ይሏቸዋል። ደንበኛ ሸሽቷቸዋል።

ባለፈው ሰላም ልላቸው ብሄድ አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ ትጮኻለች። ምድጃዋን በሁለት እጇ ታቅፋለች። «መብራት ከመጣ ስንት ሰዓቱ! ገበያ ደርሼ ስመለስ በስሎ ይጠብቀኛል ብየ፣ ጥሬውን ጠበቀኝ! ልጆቼ ጦማቸውን ዋሉ! ሳይነካ በፊት ይሻል ነበር!» ትላለች። ሌላም ሌላም አለች፣ እዚህ የማልጽፈው። አያ መልኬ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዷንም ቃል ሳያቋርጡ ይሰማሉ። ጨርሳ ስትሄድ ለምን እንዳላስረዷት ጠየቅኋቸው።

«ተዋት» አሉኝ። እስክትታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት። «ልትሰድበኝ የመጣች ሴት ደኅና ናት።»